የሚጠየቅ ሰው፦ ከፎገራ ሜዳ ወደ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያዋ ልጅና ሰው ሠራሽ አስተውሎት

ከወረታ ከተማ ወጣ ብሎ፣ የፎገራ ሜዳ ወደ ጣና በሚያዘነብልበት በኩል ባለ አንድ የገጠር ቀበሌ፣ ወረቀት ይዞ የሚመጣ ሰው ሁሉ የሚያመራባት አንዲት ልጅ ነበረች። የመሬት ይዞታ ደብተር፣ ከጤና ጣቢያ የተሰጠ የመድኃኒት ማዘዣ፣ የብድር ማስታወቂያ፣ በስልክ የገባ አጭር መልእክት፣ ሁሉም የሚነበበው በእርሷ ዐይን ነበር። አባቷ ሩዝ አምራች ገበሬ ናቸው። እናቷ ሲፈርሙ አውራ ጣታቸውን በቀለም ነክረው ነው። ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ የቤቱ አንባቢና ጸሐፊ እርሷ ስለ ነበረች፣ ዩኒቨርሲቲ በገባች ጊዜ ቤቱ አንባቢውን አጣ። እርሷም ያላሰበችው ነገር ገጠማት። ስትጠየቅ የኖረችው ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠያቂ ሆነች፤ የምትጠይቀው ሰው ግን አልነበራትም።

በትምህርት ጥናት «የመጀመሪያ ትውልድ ተማሪ» የሚባለው ወላጆቹ የከፍተኛ ትምህርት ዲግሪ የሌላቸው ተማሪ ነው። ዘመናዊው ከፍተኛ ትምህርት በ1943 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በተጀመረበት አገር፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም በአሁኑ ስሙ ከተቋቋመ ገና ሦስት ዐሥርት ዓመታት ባልሞሉት ክልል፣ እንዲህ ያለው ተማሪ እንግዳ አይደለም። ይሁን እንጂ ብዙ መሆናቸው የእያንዳንዳቸውን ሸክም አያቀልም። የሚጎድላቸው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን በየትኛውም የትምህርት ክፍል መመሪያ ያልተጻፈ ዕውቀት ጭምር ነው። ኮርስ መቼ «አድ» እና «ድሮፕ» ይደረጋል? የወጪ መጋራት ውል ሲፈረም ምን ማለት ነው? የመምህር ቢሮ በር ይንኳኳል ወይስ ውጭ ይጠበቃል? ዋቢ ጽሑፍ ምንድን ነው? ለምንስ ያስፈልጋል?

ከተማሪዋ ጋር በአንድ ዶርም ትኖር የነበረች ጓደኛዋ እናቷ መምህርት፣ ታላቅ ወንድሟ መሐንዲስ ነበሩ። አሳይመንት ሲሰጥ ጓደኛዋ የጻፈችውን በቴሌግራም ለወንድሟ ትልካለች፤ ወንድሟም ስሕተቱን አርሞ፣ አንቀጹን አስተካክሎ፣ «ይኼን አስፊው» ብሎ ይመልሳል። ይህን ማጭበርበር ያለው ሰው አልነበረም። የፎገራዋ ልጅ ቅዳሜ ቀን በጎረቤት ስልክ ወደ ቤት ስትደውል የምትሰማው ስለ ዝናቡና ስለ አረሙ፣ ስለ ታመመችው ላምና ስለ እናቷ ናፍቆት ነበር። «ትምህርቱስ?» ሲሏት «ደኅና ነው» ትላለች። ከዚያ በላይ ብትናገር የሚጨምሩላት ጭንቀት እንጂ መልስ እንዳልሆነ ታውቃለች።

«መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» ይላል የአገሩ ብሂል። ብሂሉ የሚጠየቅ ሰው መኖሩን ግን እንደ ታወቀ ነገር ወስዶታል። ሰባና ሰማንያ ተማሪ በተቀመጠበት ክፍል እጅ አውጥቶ «አልገባኝም» ማለት፣ ያውም እየተሰባበረ በሚወጣ እንግሊዝኛ፣ ለእርሷ ከማሳ አረም ይከብድ ነበር። ስለዚህ ኦፕንኤአይ የተባለው ኩባንያ ቻትጂፒቲን በኅዳር 2015 ዓ.ም. ለሕዝብ ካቀረበ ወዲህ መሣሪያው እየዋለ እያደረ በተማሪዎች ስልክ ሲገባ፣ ለብዙዎች የአሳይመንት ማምለጫ የሆነው ነገር ለእርሷ ሌላ ነበር። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት፣ ጓደኞቿ ከተኙ በኋላ፣ ብርሃኑን ቀንሳ ስትጽፍ የመጀመሪያ ጥያቄዋ ስለ አሳይመንት አልነበረም። «ለመምህር ኢሜይል ሲጻፍ በምን ይጀመራል?» የሚል ነበር። ሁለተኛው «ሥነ ዘዴ» በሚለው ክፍል ውስጥ ምን እንደሚጻፍ፣ ሦስተኛው አንድ ኮርስ ኤፍ ቢመጣ ከዩኒቨርሲቲ ያስባርር እንደ ሆነ ነበር። መሣሪያው አልሳቀባትም። «ይኼንንም አታውቂም?» አላላትም። አንዱን ጥያቄ አራት ጊዜ ብትመልሰው አራት ጊዜ ይመልስላታል። የጓደኛዋን ወንድም የሚመስል ነገር አገኘች።

ይህን ጥቅም ሳይቆጥሩ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መፍረድ ሚዛን ያዛባል። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃን ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ የሁለተኛ ደረጃንና የከፍተኛውን ደግሞ በእንግሊዝኛ አደረገ። በመጻሕፍት ማጣት ውስጥ ያለፈ የገጠር ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ሲደርስ አሳቡን ይዞ ቋንቋውን ያጣ ሆኖ ይገኛል። አንድን ከባድ የእንግሊዝኛ አንቀጽ በቀላል አማርኛ የሚያስረዳ መሣሪያ ለእንዲህ ያለው ተማሪ ቅንጦት አይደለም።

ሆኖም መሣሪያው ለሁሉም እኩል አይናገርም። በተለመደው የኮምፒውተር የጽሑፍ አቀማመጥ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ሲወስድ አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ሞዴሎቹ ጽሑፍን የሚቆራርሱበት ስልትም በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ላይ የተቀረጸ በመሆኑ፣ አንድ የአማርኛ ቃል ወደ ብዙ ቁርጥራጭ ይበተናል። የተማሩበት የአማርኛ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። ተማሪዋ በአማርኛ ስትጠይቅ መልሱ አጭርና የተድበሰበሰ፣ በእንግሊዝኛ ስትጠይቅ ረጅምና በራሱ የሚተማመን ይሆንባት ነበር። ቀስ በቀስ በእንግሊዝኛ ብቻ መጠየቅ ጀመረች። በክልሉ ግጭቱ በተባባሰበት በ2015 ዓ.ም. ክረምት የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሳይመለስ በቆየ ጊዜ፣ የምትደገፍበት ነገር ምን ያህል በሰው እጅ እንዳለ ተረዳች። መሥመሩ ሲመለስ ግን ወደ ልማዷ ተመለሰች።

ችግሩ የታየው በመመረቂያ ጽሑፏ ነው። ርእሷ የፎገራ ሩዝ አምራቾችን የአዘራር ምርጫ ይመለከታል። የመረጠችውም ከቤቷ የምታውቀው ነገር ስለ ሆነ ነበር። የመግቢያውን ምዕራፍ ረቂቅ ለአማካሪዋ ስትሰጥ እንግሊዝኛው ያለ እንከን ይፈስሳል። አማካሪዋ አንብበው ሲጨርሱ ከተጠቀሱት ዋቢዎች ሁለቱን ፈልገው ማጣታቸውን ነገሯት። ከዚያም በእርሳስ ወዳሰመሩበት አንድ ዐረፍተ ነገር መለሷት። ዐረፍተ ነገሩ የፎገራ ገበሬዎች የሩዝ ዘርን በመደብ ላይ ካፈሉ በኋላ ችግኙን ነቅለው ውኃ ወደ ቋጠረ ማሳ በመስመር እንደሚያዛውሩ ይናገራል።

«አባትሽ ገበሬ ናቸው አላልሽኝም?»

«ናቸው፣ መምህር።»

«እንዲህ ነው የሚዘሩት?»

ዝም አለች። አባቷ በሰኔ ዘሩን በእጃቸው ሲበትኑ የዘር ቁና ይዛ ስንት ዓመት ተከትላቸዋለች። በሐምሌና በነሐሴ ጭቃው ውስጥ አጎንብሳ አርማለች። በመደብ የፈላ የሩዝ ችግኝ በአባቷ ማሳ አይታ አታውቅም።

«ታዲያ ለምን ጻፍሽው?»

«የእኛ አዘራር ትክክለኛው አይመስለኝም ነበር፣ መምህር።»

ይህ መልስ ከተፈበረኩት ዋቢዎች ይልቅ ሊታሰብበት ይገባል። መሣሪያው ለምን እንደ ተሳሳተ ለማወቅ አይከብድም። ስለ ሩዝ በዓለም ላይ የተጻፈው እጅግ የሚበዛው ችግኝ ማዛወር ነባር ልማድ ስለ ሆነበት ስለ እስያ ነው። ስለ ፎገራ የተጻፈው ጥቂት ነው፤ መሣሪያውም የጎደለውን ከበዛው ይሞላል። አዲስ አበባ የተወለደችው የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቅ ትምኒት ገብሩ ከኤሚሊ ቤንደርና ከሌሎች ባልደረቦቿ ጋር በ2021 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት ያስጠነቀቀችው ይህንኑ ነበር። የመረጃው ክምችት መግዘፍ ሁሉም ድምፅ በውስጡ አለ ማለት አይደለም፤ በበይነ መረብ ላይ አብዝቶ የሚናገረው በሞዴሉም ውስጥ አብዝቶ ይናገራል።

የተማሪዋ ስሕተት ግን ካለማወቅ አልመጣም። እውነቱን ከመሣሪያው ይልቅ ታውቀው ነበር። ያጣችው ያ እውነት ዕውቀት መሆኑን የሚነግራት ሰው ነው። የተማሩ ወላጆች ያሉት ልጅ በማዕድ ዙሪያ የሰማው ነገር በመማሪያ ክፍል ሲደገም ይሰማል፤ ስለዚህ ቤቱንና ትምህርቱን አንድ አድርጎ ያያል። ከገበሬ ቤት የመጣች ልጅ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ የተማረችው ትምህርት ማለት ከቤት መውጣት እንደ ሆነ ነው። ሁለቱ በተቃረኑ ጊዜ የምትጥለው የቤቱን ነው። መሣሪያው ይህን ልማድ አልፈጠረውም። ጥርት ባለ እንግሊዝኛና በማያመነታ አነጋገር አጸናው እንጂ።

የፎገራ ሜዳ ከውጭ የመጣን ነገር ስለ መቀበል ራሱ የሚመሰክረው አለው። ሩዝ በዚያ ምድር ጥንት የነበረ ሰብል አይደለም። በደርግ ዘመን በሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች እገዛ በደራ ወረዳ በጅግና፣ በፎገራ ወረዳ በሻጋ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተሞከረ። የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት ሞልተው የሚተኙበት፣ ሌላው ሰብል የሚበሰብስበት መሬት ለሩዝ ተስማማው። ከመጡት ዝርያዎች ገበሬው የወደደው «ኤክስ-ጅግና» ተብሎ በቦታው ስም ተጠራ፤ ዱቄቱ ከጤፍ ጋር ተቀይጦ እንጀራ ሆነ። ዛሬ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል የሚገኘው በዚያው በፎገራ ነው። ዘሩ የውጭ ነበር፤ አዘራሩን፣ የማሳ ምርጫውን፣ ሩዙ ሳይታጨድ በእርጥበቱ ላይ ጓያ መበተንን ግን የወሰነው ገበሬው ነው። ዋጋም ተከፍሎበታል። የግጦሽ መሬቱ ወደ ሩዝ ማሳ ሲለወጥ በሜዳው ስም የሚጠራው የፎገራ የከብት ዝርያ ቁጥሩ እየተመናመነ ሄደ። ስለዚህ አዲስ ነገር ሲመጣ መጠየቅ ያለበት ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ብቻ አይደለም። ማን በየትኛው መሬት ላይ ፈተነው? ሲገባስ ምን አስለቀቀ? የሚሉትም ይጠየቃሉ።

የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት እስካሁን በብዛት ሲያስቡ የሚታዩት በመከልከልና በመያዝ ነው። «ይህን ጽሑፍ ማሽን ጽፎታል» የሚሉ መፈተሻ ሶፍትዌሮችን መታመን ግን የመጀመሪያ ትውልድ ተማሪዎችን ለይቶ ይጎዳል። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2023 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ለቶፍል ፈተና የጻፏቸውን 91 ድርሰቶች በሰባት መፈተሻዎች መርምረው ነበር። መፈተሻዎቹ በአማካይ ከ61 በመቶ በላይ የሚሆኑትን የማሽን ሥራ ናቸው ብለው በሐሰት ፈረዱ። የአሜሪካ ስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችን ድርሰቶች ግን ከሞላ ጎደል በትክክል ለዩ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። መፈተሻው የሚጠረጥረው የቃላት ምርጫው ጠባብ፣ አካሄዱ የሚገመት ጽሑፍን ነው፤ በሁለተኛ ቋንቋው ተጠንቅቆ የሚጽፍ ሰውም እንዲሁ ይጽፋል። የፎገራዋ ልጅ ሌሊቱን ሙሉ በራሷ እጅ የጻፈችው ተይዞባት፣ በወንድም የታረመው የጓደኛዋ ጽሑፍ ንጹሕ ተብሎ ሊያልፍ ይችላል።

ቁጥጥር ይቅር ማለት ግን አይደለም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመላ አገሪቱ በሚሰጠው የመውጫ ፈተና ተማሪው ከኮምፒውተሩ ፊት የሚቀመጠው ብቻውን ነው። አራት ዓመት በመሣሪያ እጅ የጻፈ ሰው በዚያ ሰዓት የሚሰበስበው የዘራውን ነው፤ ቤተሰቡም ለእርሱ የሸጠው በሬ በድጋሚ አይሸጥም። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው ብሂል ለዚህ ዘመን የተነገረ ይመስላል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ጥምጣሙን አሳምሮ ይሰጣል፤ መማሩን ግን ለማንም መስጠት አይችልም።

መፍትሔው ከሩቅ መፈለግ የለበትም። ደቡብ ጎንደር የአብነት ትምህርት አገር ነው። የጋይንቷ ቤተ ልሔም በድጓ፣ ዙር አምባ በዝማሬ መዋሥዕት የታወቁ ናቸው። የቆሎ ተማሪው ከቤቱ ርቆ፣ ብዙ ጊዜም ፊደል ካልቆጠሩ ወላጆች ወጥቶ የሚማር ነበር፤ በዘመኑ አነጋገር የመጀመሪያ ትውልድ ተማሪ ማለት ነው። የቅኔ ተማሪ የቆጠረውን ቅኔ በመምህሩ ፊት ቀርቦ በቃሉ ይነግራል። የሌላውን ቅኔ ደግሞ ማቅረብ ነውር ነው። መምህሩም ይሰማሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ያቀናሉ። ሥራው የማን እንደ ሆነ የሚታወቀው በመፈተሻ ሳይሆን በጥያቄና መልስ ነው። ያ ሥርዓት የራሱ ጭካኔና ጉድለት ነበረው፤ ነገር ግን ለእያንዳንዱ ተማሪ የሚጠይቀውና የሚጠየቅ አንድ ሰው ነበረው። ዛሬ አንድ መምህር በርካታ ተመራቂዎችን በሚያማክርበት ሁኔታ ይህን መመለስ ቀላል አይደለም። ዐሥር ደቂቃ በቃል ማስረዳትን የእያንዳንዱ ዐቢይ አሳይመንት አካል ማድረግ፣ ሦስተኛና አራተኛ ዓመት ተማሪዎችን ለአዲስ ገቢዎች ተጠያቂ ታላቆች አድርጎ መመደብ፣ መሣሪያውን ለምን እንደ ተጠቀሙበት ያለ ፍርሃት የሚጽፉበት አንድ ገጽ መስጠት ግን ከማንም አቅም በላይ አይደለም።

አማካሪዋ ረቂቁን አልጣሉትም፤ ክስም አልመሠረቱባትም። «ለአባትሽ ደውዪና ለምን እንዲህ እንደሚዘሩ ጠይቂያቸው፤ መልሳቸውን መጀመሪያ በአማርኛ ጽፈሽ አምጪ» አሏት።

ቅዳሜ ደወለች። አባቷ ጥያቄውን ሲሰሙ ለጊዜው ዝም አሉ።

«ምነው ልጄ፣ እኔን ትጠይቂኛለሽ? የተማርሽው አንቺ አይደለሽም?»

«ይኼ መጽሐፍ ላይ የለም፣ አባዬ።»

ከዚያ በኋላ የጎረቤቱ ስልክ ካርድ እስኪያልቅ ተናገሩ። ችግኝ ማዛወር በአንድ ሳምንት ብዙ እጅ እንደሚፈልግ፣ በዚያው ሳምንት የሌላውም ማሳ እርሻ እንደሚደርስ ነገሯት። ርብ ድንገት ቢሞላ ትናንት የተተከለ ችግኝ እንደሚጠረግ፣ ቀድሞ ተዘርቶ ሥር የያዘው ግን እንደሚቋቋም አስረዷት። በመበተን የሚመጣው አረም የሴቶችንና የልጆችን ወገብ እንደሚሰብር ደግሞ ሳይደብቁ ጨመሩ፤ ባለሙያዎች በመስመር ዝሩ ሲሉ ያለ ምክንያት እንዳልሆነም አመኑ። በዚያች ግማሽ ሰዓት ለጥናቷ ሦስት መላ ምቶች አገኘች፤ ከሌሎች ገበሬዎች ጋር ባደረገችው ቃለ መጠይቅም ፈተነቻቸው።

ቻትጂፒቲንም አልተወችም። በአማርኛ የጻፈችውን ራሷ ወደ እንግሊዝኛ መለሰች፤ ከዚያም ሰዋስዉን እንዲያርምላት ሰጠችው፤ ያረመውንም ቃል በቃል አነበበች። በአንድ ቦታ «መበተን» ያለችውን በራሱ ፈቃድ ወደ «ማዛወር» ቀይሮት አገኘች። መልሳ «መበተን» አደረገችው። ጽሑፏን በተከላከለችበት ቀን ከፈታኞቹ አንዱ ስለዚሁ ሲጠይቋት ወረቀት ሳታይ መለሰች።

የአባቷ ስም በጽሑፉ ውስጥ ሁለት ቦታ አለ፤ በምስጋናው ገጽና በመረጃ ሰጪዎች ዝርዝር። ቅጂውን ወደ ቤት በወሰደች ጊዜ ስሙን ለአባቷ ያነበበላቸው ታናሽ ወንድሟ ነው። አሁን የቤቱ አንባቢ እርሱ ነው። ከፊቱ ያለው በር ጠባብ ነው። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 3.3 በመቶ፣ የ2015ቱ 3.2 በመቶ፣ የ2016ቱ 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ልጁ ግን ከእኅቱ በአንድ ነገር ይሻላል። በዚያው ምሽት ጽሑፉን ገልጦ «ሥነ ዘዴ» የሚለው ላይ ጣቱን አሳርፎ፣ «ይኼ ምንድን ነው?» ሲል ጠየቃት፤ እርሷም አጠገቡ ተቀምጣ ማስረዳት ጀመረች።